ከቤታችሁ የጠፋው ምንድን ነው?

«ትልቅ ሰው ይዋሻል። ልጅ ግን የቤቱን ጉድ አንድ ሳያስቀር ይጽፈዋል። ዛሬ የሚሲዮኑን ልጆች ጽሑፍ እናያለን።»

ይህን የተናገረው ቢያዝን ነበር። ሸዋዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን ጫማዋ ውስጥ ከትታ፣ ሌላውን ጫማ በእጇ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ገና ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ቢያዝን የባሏ የዳኘው ታናሽ ወንድም ሲሆን የቀበሌው ፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ከሆነ ሰባት ወሩ ነው፤ ሰባቱንም ወር የኖረው እነሱ ዘንድ፣ በፊተኛው ክፍል ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ በወር አሥራ ሁለት ብር ለቀበሌ ይከፈልበታል። ክፍሎቹን የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ጣሪያው ጋ ሳይደርስ ስለሚቆም እዚያ የተነገረው እዚህ፣ እዚህ የተተነፈሰው እዚያ ይሰማል። ባልና ሚስቱ በእነዚህ ሰባት ወራት ውስጥ ወሬያቸው እያጠረ እያጠረ ሄዶ፣ አሁን «ጨው ጨምሪበት»ና «በሩን ዝጋው» ብቻ ቀርቷቸዋል። ዳኘው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ገብቶ ገና አልተመለሰም። ከግድግዳው ወዲያ ከቢያዝን ጋር ያለው ከአውራጃ የመጣው ካድሬ፣ ጓድ አዘዘ ነው፤ ድምፁን ከስብሰባ ታውቀዋለች።

«የወንድምህ ሚስት አይደለች እዚያ የምታስተምረው?» አለ አዘዘ።

«ነች» አለ ቢያዝን። «እንግዲህ ምን ይደረጋል። ከዕረፍት በኋላ ሳይዘጋጁ እንደርስባቸዋለን።»

ሸዋዬ በሐይቁ ዳር ባለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ንባብ ታስተምራለች። ፈረንጆቹ ከሄዱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ትተውት የሄዱት አንድ ማባዣ መኪና፣ አንድ ቁም ሳጥንና አንድ ልማድ ነው። ልማዱ ለእያንዳንዱ ወር አንድ ርእስ መስጠት ነው። የወሩ ተረት ሁሉ፣ የወሩ ንባብ ሁሉ በዚያ ርእስ ዙሪያ ይሆናል፤ በወሩ መጨረሻ ልጆቹ ከየቤታቸው ያመጡትን ነገር ራሳቸው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፉበታል። በኅዳር ስለ ውኃ፣ በታኅሣሥ ስለ እንግዳ ነበር። ለጥር የመረጠችው ርእስ «የጠፋ ነገር» ነው። ጥጃው የጠፋበትን የዱርቤቴ ገበሬ፣ ታንኳውን ነፋስ ወስዶበት ከደልጊ ጀምሮ የሐይቁን ዳር በእግሩ ያሰሰውን ዓሣ አጥማጅ፣ ቤቷን ጠርጋ ጠርጋ የጠፋ ብሯን ያገኘችውን ሴት፣ ሁሉንም ራሷ ጽፋ በስቴንስል አባዝታቸዋለች። የጠዋት ጸሎት ከተከለከለ ወዲህ ዳይሬክተሩ አቶ ሀብተ ሥላሴ «ጸሎቱን ቢከለክሉን ተረቱን አልከለከሉንም» ይሏታል፤ ሲሏትም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

ትናንት ረቡዕ፣ ሊለቀቁ ሲሉ፣ «ከቤታችሁ የጠፋው ምንድን ነው?» ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ስትጽፈው ቁልፍና ዶሮ፣ እርሳስና የጆሮ ጌጥ ነበር የታሰባት። ልጆቹ አቀርቅረው ጻፉ። ወረቀቱን ሰብስባ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈችበትና የቀበሌ ስብሰባ እንዳያልፋት ሮጠች። በ1970 ዓ.ም. በባሕር ዳር ከተማ ሰውን ከቤቱ ምን እንደጠፋ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ የገባት አሁን፣ አንድ ጫማ ይዛ ነው።

ሁለተኛውን ጫማ አጥልቃ ወጣች። ፊተኛው ክፍል ውስጥ ሁለቱ ሰዎች ሻይ ይጠጣሉ። ስኳር ከጠፋ ወር ቢሆነውም የነሱ ብርጭቆ ውስጥ ማንኪያ ይሽከረከራል።

«እትዬ ሸዋዬ፣ ምነው ማለዳ?» አለ ቢያዝን።

«ሰሌዳ ልቀባ ነው።»

ከሰል ቀጥቅጠው ሰሌዳ የሚቀቡት ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሆነ እሱም ያውቃል። ግን ሻዩን ማማሰሉን ቀጠለ።

ዘንባባዎቹ የተተከሉበትን መንገድ ይዛ ወደ ሐይቁ ወረደች። በዚያ ሰሞን ማለዳ የሚሄድ ሰው የመንገዱን መካከል ይዞ፣ ሌሊት የተጣለ ሬሳ እንዳያይ ዓይኑን ከዳርና ዳሩ አንሥቶ ነው የሚሄደው፤ እሷም እንደዚያ ሄደች። የትምህርት ቤቱ በር ላይ የነበረው መስቀል ከተነሣ በኋላ ቅርጹ ቀለሙ ላይ ነጥቶ ቀርቷል። ዘበኛው ከፈተላት። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችና አርባ አንዱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። ጥዋት ጥዋት ከሐይቁ የሚመጣው ብርድ በመስኮቱ ይገባል።

የእናቴ ቁልፍ ጠፋ። የአባቴ መነጽር ጠፋ፤ ራሱ ላይ ነበር። ድመታችን ጠፋች፤ ወልዳ መጣች። አንብባ ወደ ጎን፣ አንብባ ወደ ጎን። ወለተ ኪዳን የምትባል ልጅ «ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ጠፋ» ብላ ጽፋለች። ሸዋዬ ይህችን ወረቀት ሁለት ጊዜ አንሥታ ሁለት ጊዜ አስቀመጠቻት። እውነት ነው፤ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ለዚህ ብለው ልጅ አይነኩም ብላ ተወቻት። ቀጥላ ያነሣችው የዘይነትን ነው።

«ወንድሜ ጀላሉዲን ጠፋ። የሚጠፋው ሰው ሲመጣ ነው። ሰው ሲሄድ ከቆጥ ይወርዳል።»

ዘይነት የጨርቅ ነጋዴዋ የሀቢባ ልጅ ነች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቱ የክርስቲያን ቢሆንም ለቤታቸው ስለሚቀርብ እዚያ ይማራሉ፤ ወንድሟም እዚያው ነው ፊደል የቆጠረው። ጀላሉዲን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን ከመስከረም ጀምሮ በቀበሌ ይፈለጋል። እናቱ ሱዳን ገባ ብላ አልቅሳለች፤ ጎረቤት መጥቶ አጽናንቷታል፤ ሸዋዬ ራሷ ሄዳ አጽናንታታለች። ያን ለት ከቆጡ በታች ተቀምጣ እንደነበር አሁን አወቀች።

ወረቀቱን ማጥፋት ቀላል ነበር። ግን ልጆቹ አርባ አንድ ናቸው፤ አርባ ወረቀት ካገኙ የጎደለውን ይፈልጋሉ፣ ሁሉንም ብታጠፋ ደግሞ ሁሉን ይጠረጥራሉ። ከደብተር ላይ አንድ ቅጠል ገነጠለች። እርሳሱን በግራ እጇ ያዘች። ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ የፈጀባት ጊዜ አንድ ገጽ ሙሉ የሚጻፍበት ነው። «ዶሮአችን ጠፋች። ነጭ ናት። እስካሁን አልተገኘችም። ዘይነት።» የመጀመሪያውን ወረቀት አራት ቦታ ቀድዳ ጓሮ ካለው ሽንት ቤት ጣለችው፤ ጥላም ወዲያው አልተመለሰችም፣ ነጩ ቁራጭ ጨለማው ውስጥ ይታይ እንደሆነ ጎንበስ ብላ አየች።

ከዚያ በኋላ ዘይነትን መጠበቅ ጀመረች። ባንዲራ ሲሰቀል የለችም። አንደኛው ክፍለ ጊዜ ላይም የለችም። ሸዋዬ ባትመጣ ብላ ተመኘች፤ ቆይታ ደግሞ፣ ባትመጣ ቤቷ ሄደው ይጠይቃሉ ብላ ፈራች። ልጅቱ የመጣችው ለዕረፍት ሲወጡ ነው፤ ግቢው ውስጥ ከልጆች ጋር ስትሮጥ ከሩቅ አየቻት። ልትጠራት እጇን ስታነሣ አቶ ሀብተ ሥላሴ ከኋላዋ መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «እንግዶች አሉ» አሏት። «በርሽን ክፈቺ።»

ልጆቹ ከዕረፍት ገብተው ቦታቸውን ሲይዙ አዘዘ ካኪ ልብሱን ለብሶ የመምህሯ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቢያዝን መስኮቱ ጋ ቆመ። አቶ ሀብተ ሥላሴ በሩ ሥር ቆመው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ያሽከረክራሉ። አዘዘ ሰሌዳው ላይ ያለውን የትናንት ጥያቄ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበውና ወደ ሸዋዬ ዞሮ ፈገግ አለ። ሰሌዳ ልቀባ ነው ብላ ወጥታ ሰሌዳውን ማጥፋቱን እንደረሳችው ያን ጊዜ አየች፤ ቢያዝንም አየው።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ አዘዘ። «ማን አወጣው?»

«የንባብ ትምህርት ርእስ ነው፣ ጓድ። ልጆች የሚያውቁትን ነገር ሲጽፉ ንባቡ ይቀላቸዋል።»

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። አንዳንዱ ላይ ሳቀ። የመነጽሩን ለቢያዝን አነበበለት። ሸዋዬ ሳቁ ልቧን ትንሽ ሲያሳርፈው ተሰማት። ከዚያ የስኳሩ ላይ ደርሶ ቆመ። «ወለተ ኪዳን የምትባለው የትኛዋ ነች?» ልጅቱ ተነሣች። «ስኳሩን ማን ደበቀው፣ እቴዋ?» ወለተ ኪዳን ጫማዋን እያየች፣ ሬዲዮኑ በየቀኑ የሚለውን አለች፤ «ነጋዴ።» አዘዘ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «አያችሁ! ልጅ አይዋሽም። እዚህ ክፍል ውስጥ የነጋዴ ልጅ አለ?»

አርባ ራስ በአንድ ጊዜ ወደ ዘይነት ዞረ። እነሱንም መዋሸት ማንም አላስተማራቸውም።

አዘዘ ከክምሩ ውስጥ ፈልጎ ወረቀቷን አወጣ። ዘርግቶ ሰጣት። «እስቲ የጻፍሽውን አንብቢልን» አለ።

እንግዶቹ የማያውቁት አንድ ነገር ነበር። ዘይነት አታነብም። መጻፉን ትጽፋለች፤ በጆሮዋ የሰማችውን ሁሉ በፊደል ታሰፍራለች። ንባብ ላይ ግን አንዴ የሰማችውን ጽሑፍ በቃሏ ትይዝና ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ሰቅላ ታወርደዋለች። ሸዋዬ ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ ይህን ልማድ ልታስተዋት ታግላ አልቻለችም። አሁንም ልጅቱ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። አገጯን ወደ ላይ ቀና አደረገች። ትናንት የጻፈችው ሁሉ ልቧ ውስጥ ነበር።

«ወን—»

«ዘይነት!» አለች ሸዋዬ። «ዓይንሽ ወረቀቱ ላይ። በልብሽ ያለውን አይደለም። የተጻፈውን ብቻ።»

በየቀኑ የምትላት ቃል ስለነበር ከልጆቹ አንዱም አልገረመው። ዘይነት ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ አየችው። ሐይቁ ድንጋዩን ሲመታ ይሰማል። ጣቷን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳረፈች።

«ዶ… ሮ… አ… ች… ን።» ቀና ብላ ሸዋዬን አየች። ሸዋዬ ፊቷን አላንቀሳቀሰችም። ልጅቱ ወደ ወረቀቱ ተመለሰች። «ጠ… ፋ… ች። ጠፋች። ነ… ጭ ናት። እስ… ካሁን አል… ተገኘችም።»

በዓመቱ ውስጥ ዘይነት በዓይኗ ያነበበችው የመጀመሪያ ጽሑፍ ይህ ነበር። ሸዋዬ ሰሌዳውን ተደገፈች።

«መጀመሪያ ላይ ‹ወን› ብለሽ ነበር» አለ አዘዘ፤ ዓይኑ ልጅቱ ላይ ተተክሏል። «‹ወን› ምን ልትዪ ነበር?»

አቶ ሀብተ ሥላሴ ባርኔጣቸውን ማሽከርከር አቆሙ። ዘይነት ምንም ሳትቸኩል፣ ልክ ገበያ ላይ ዋጋ እንደምትናገር፣ «ወንዱ አለ፤ የጠፋችው ሴቷ ናት» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አዘዘም ሳቀ፤ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጦ ሳቀ። ሸዋዬ ግን መስኮቱ ጋ ያለው ቢያዝን እንዳልሳቀ አየች። መጥቶ ከልጅቱ እጅ ወረቀቱን ወሰደ፤ አየው፤ ሁለት ቦታ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ሲወጡ፣ ልጆቹ ሲንጫጩ፣ እሷ የምታየው ዘይነትን ብቻ ነበር። ልጅቱ ተቀምጣ እርሳሷን ትቀርጻለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ መልስ እንዲህ ባለ ፍጥነት ከየት ታመጣለች ብላ ስታስብ፣ ሸዋዬን ከካድሬው ይልቅ ይህ አስፈራት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሀቢባ ሱቅ ሄደች። ሀቢባ ብቻዋን ጥቅል ጨርቅ ታቃናለች። ፈገግ አለች፣ ወንበር በነጠላዋ ጠረገችላት። «ምን ልስጥሽ? አቡጀዲው ሜትሩ ሁለት ብር ገብቷል፤ ለአንቺ በአንድ ከሰባ አምስት።»

ሸዋዬ ከመንገዱ ጀርባዋን አዙራ፣ አንድ ጥቅል እየዳሰሰች፣ የሆነውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። ሀቢባ እጇ ሜትሩ ላይ እንዳለ ቆመች። «የኔ ልጅ ሱዳን ነው» አለች።

«አውቃለሁ፤ ሱዳን ነው። ቆጡን ግን ዛሬ አጽጂው፣ ሀቢባ።»

«አንቺ የቢያዝን ወንድም ሚስት አይደለሽ?»

«ነኝ።»

«ማን ላከሽ?»

ይህ ጥያቄ ሸዋዬን ያልጠበቀችው ቦታ ወጋት። «ያስተማርሁት ልጅ ነው» ብቻ አለች። «ፊደል የቆጠረው እኔ ዘንድ ነው።»

ሀቢባ ያልተጠየቀችውን ሁለት ሜትር አቡጀዲ ለክታ ቀደደች፤ ጨርቁ ሲቀደድ የሚያሰማው ድምፅ ንግግሯን ሸፈነላት። «ዘይነት ከነገ ጀምሮ አትመጣም» አለች።

«ዛሬ ገና ማንበብ ጀመረች፣ ሀቢባ። ዛሬ። ተዪ አታስቀሪያት።»

«ማንበቧን ማን ጠላ። ወላሂ እኔን የገደለኝ መጻፏ ነው።» ጨርቁን ጠቅልላ ሰጠቻት። «ያዢ፣ ሰው እያየ ነው። ገዝታ ሄደች ይበል።»

ሸዋዬ ቤት ስትገባ ዳኘው እንቅልፉን ጨርሶ፣ ለፈረቃ ልብሱን ለብሶ ራቱን በጊዜ ይበላል። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቢያዝን ገብቶ ከወንድሙ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ እጁን ታጠበ፤ ሳይጎርስ ከኪሱ ወረቀቱን አውጥቶ ከሳህኑ አጠገብ አኖረው።

«የግራ እጅሽ ነው፣ እትዬ ሸዋዬ» አለ። «ልጅ እርሳሱን እንዲህ አይጫንም፤ ከኋላ በኩል ሊበሳው ደርሷል። ለአዘዘ አላሳየሁትም። መጀመሪያ የተጻፈው ምን ነበር?»

«ዶሮ ነው።»

«እኔ እኮ ቤተሰብ ነኝ። ለእኔ ንገሪኝ።»

«ዶሮ ነው፣ ቢያዝን።»

ዳኘው እያላመጠ ነበር። ወረቀቱን አየ፤ ሚስቱን አየ፤ የጎረሰውን ውጦ ውኃ ጠጣ። በሰባት ወር ውስጥ ለወንድሙ ቀና ብሎ ቃል የተናገረበትን ቀን ሸዋዬ አታስታውስም። «ዶሮ ነው አለችህ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ብላ።»

ሁለቱ ወንድማማቾች ተያዩ። ቢያዝን መጀመሪያ ዓይኑን ሰበረ፤ እንጀራ ቆረሰ። ግን ሲጎርስ ድምፁ ወደ ስብሰባ ድምፁ ተመልሶ ነበር። «እሺ፣ ዶሮ ይሁን። ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ግን ልጆቹ የሚጽፉትን በየአርቡ ለእኔ ታመጪያለሽ። ዳይሬክተርሽ ፈርመዋል።»

በማግሥቱ የዘይነት ቦታ ባዶ ነበር። ቅዳሜ ስኳር የደበቀ ነጋዴ ይፈለጋል ተብሎ የስድስት ነጋዴ ቤት ተፈተሸ፤ የሀቢባም ቤት። ቆጡ ላይ አንድ ሰሌንና ባዶ ጆንያ ብቻ እንደተገኘ ሸዋዬ ከገበያ ሰማች። ጀላሉዲን በሐይቁ ይሁን በዓባይ ማዶ በኩል ይሁን እንዴት እንደወጣ አልጠየቀችም፤ ለማወቅም አልፈለገችም። የሚያሳርፋትን ወሬ ሰምታም አላረፈችም፤ ፍተሻውን ያመጣችው ትንሿ የስኳር ወረቀት እንደሆነች ታውቃለችና። ሀቢባን መንገድ ላይ ስታገኛት ሀቢባ ሰላምታዋን ሰጥታ ሳትቆም አለፈች።

የካቲት ሲገባ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ለወሩ ያዘጋጀቻቸው ተረቶች ነበሩ፤ አላወጣቻቸውም። ሰሌዳው ላይ «ጣና ሰፊ ነው። ውኃው ሰማያዊ ነው» ብላ ጻፈች። ልጆቹ ገለበጡ። አርብ አርባውን ወረቀት ለቢያዝን አመጣችለት። ቢያዝን ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ አንዱንም ሳያልፍ አገላበጠው፤ ሁሉም ላይ ጣና ሰፊ ነበር፤ ልዩነቱ የፊደሉ ማዘንበል ብቻ ነው። በሚቀጥለውም ሳምንት እንደዚሁ፣ በሚቀጥለውም።

በአራተኛው ሳምንት፣ ልጆቹ አቀርቅረው ሲገለብጡ፣ ወለተ ኪዳን እርሳሷን አስቀምጣ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የራሳችንን የምንጽፈው መቼ ነው?»

ሌሎቹም ቀና አሉ። እርሳሳቸውን ይዘው መልሷን ይጠብቃሉ። ሸዋዬ አርባውን ፊት አንድ በአንድ አየች፤ ከእያንዳንዱ ፊት ጀርባ አንድ ቤት፣ ከእያንዳንዱ ቤት ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ እያወቀች አየች። ጠመኔውን አነሣች።

«ገልብጪ፣ የኔ ልጅ» አለቻት፤ «የሰሌዳውን ብቻ ገልብጪ።»